ተመርቃ ለተቆለፈችብን ጠረጴዛ የቀረበ ምስጋና

ለክቡር አቶ ፍስሃ
የወረዳችን የመዝናኛና የማኅበረሰብ ተሳትፎ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት ነው? የምጠይቅዎ ለወጉ ያህል አይደለም። የዛሬ ወር ገደማ፣ ቅዳሜ ረፋድ ላይ፣ በሰፈራችን ሜዳ በግራ ጉልበትዎ ሲንበረከኩ ያየ ሰው ሁሉ ስለ ጉልበትዎ ሲጨነቅ ነው የሰነበተው። ይህ ደብዳቤ ጉልበትዎ ድኖ፣ ቱታዎ ታጥቦ፣ ስምዎም ከሰው አፍ ወርዶ እንዲያገኝዎ ከልብ እመኛለሁ። እርግጥ የመጨረሻው ትንሽ ጊዜ ሳይወስድ አይቀርም።

ወልደጊዮርጊስ እባላለሁ። ዶሮ ማነቂያ ተወልጄ፣ ዶሮ ማነቂያ አግብቼ፣ ዶሮ ማነቂያ የሸበትኩ፣ በአንድ ማተሚያ ቤት መጽሐፍ ስጠርዝ የኖርኩ ሰው ነኝ። በጥር ወር አለቃዬ ጠርቶ የተጠራቀመውን የዓመት ፈቃዴን ካልወሰድኩ እንደሚቃጠል ነገረኝ። የሥራ ባልደረቦቼ ላንጋኖ ይሻላል ሐዋሳ እያሉ ሲመክሩኝ ሰነበቱ። እኔ ግን አንድ ቀን ከምኒልክ አደባባይ ወደ ቤቴ ስወርድ ጽሕፈት ቤትዎ መንገዱን አሻግሮ የሰቀለውን ትልቅ ጨርቅ አየሁ። “ዕረፍትዎን በሰፈርዎ! መዝናናት ሩቅ አይደለም!” ይላል። ከጽሑፉ ጎን የእርስዎ ፎቶግራፍ አለ፤ ከጽሑፉም ይበልጣል። እኔ ደግሞ በአደባባይ የተሰቀለን ነገር የማምን የዋህ ነኝና አመንኩ። ለባለቤቴም ዘንድሮ የትም እንደማንሄድ፣ ሰፈራችን ውስጥ እንደምናርፍ ነገርኳት። “ድሮስ የት ሄደን እናውቃለን?” አለችኝ።

እውነቱን ለመናገር የመጀመሪያው ሳምንት በዕድሜዬ ካየኋቸው ሁሉ የጣፈጠ ነበር። ለዚህ እርስዎን አላመሰግንም፤ ያን ጊዜ ገና አልመጡብንም ነበርና። ጠዋት ጠዋት ጊዮርጊስን ተሳልሜ ስመለስ፣ በሥራ ቀን እጄን እያውለበለብኩ የማልፋቸውን ሰዎች ቆሜ እንዴት አደራችሁ አልኩ፤ እንዴት እንዳደሩም እስኪነግሩኝ ጠበቅኩ። ከባለቤቴ ጋር በጠራራ ፀሐይ፣ በማክሰኞ ቀን፣ ፒያሳ ወጥተን ማኪያቶ ጠጣን። ወንበር ይዘን አላፊ አግዳሚውን እያየን ሐሜት ቢጤም አወራን። በእንዲህ ያለ ሰዓት አብረን ቁጭ ብለን ስለማናውቅ መጀመሪያ ላይ ሁለታችንም ሥራ ፈት የሆንን መስሎን አፈርን፤ ኋላ ግን ለመድነው። ከሰዓት በኋላ፣ የቤቶቹ ጥላ በሜዳው ላይ ሲያርፍ፣ ማንም ሰው የትም አይሄድም። ሁሉም ወደ ጠረጴዛዋ ይወጣል።

ጠረጴዛዋን ለማያውቅ አንባቢ ላስረዳ። እርስዎ እኔ ሠራኋት ስላሉ ያውቋታል ብዬ እገምታለሁ። በቤቶቻችን መካከል ባለችው ጠባብ ሜዳ ላይ፣ በብሎኬት እግሮች የቆመች የሲሚንቶ የፒንግፖንግ ጠረጴዛ ናት። ከዓመታት በፊት አንድ ግንበኛ ጎረቤታችን ቤቱን ሲያድስ የተረፈውን ሲሚንቶ ሰጠ፤ ሌላው የብረት ቁራጭ አመጣ፤ ጉልበት ያለው አሸዋ ተሸከመ፤ ጠረጴዛዋም በአንድ እሑድ ፈሰሰች። መረቧ ከአትክልት ተራ የመጣ ቀይ የሽንኩርት ከረጢት ነበር። ራኬቶቹን ከጣውላ ቆርጠን በላስቲክ እንለብጣቸዋለን። የምለጥፋቸው እኔ ነኝ፤ መጽሐፍ የያዘ ማጣበቂያ ራኬት መያዝ አያቅተውም።

የዚህች ጠረጴዛ እመቤት እትዬ ሰዓዳ ናቸው። ከወሎ በልጅነታቸው መጥተው እኛው ሰፈር ያረጁ ልብስ ሰፊ ናቸው፤ የእኔን ጨምሮ የብዙዎቻችንን ሚስቶች የሠርግ ቀሚስ የሰፉት እሳቸው ናቸው። ከሁለት ዓመት በፊት ስትሮክ መታቸውና ቀኝ እጃቸው ዛለ። መርፌ ክር ያስገባ የነበረ እጅ የሻይ ብርጭቆ መያዝ አቃተው። ከዚያ በኋላ እጃቸውን በሻርፓቸው ሥር ደብቀው አንድ ዓመት ያህል ከቤት አልወጡም። ልንጠይቃቸው ስንገባ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው ያዞሩ ነበር።

ኢክራ የምትባል ልጅ አለቻቸው። አንድ ቀን በግድ ደግፋ አወጣቻቸውና ከጠረጴዛዋ አጠገብ ወንበር ላይ አስቀመጠቻቸው። ለብዙ ቀናት እንዲሁ ተቀምጠው ሲያዩን ከረሙ። ከዚያ አንድ ከሰዓት ኳሷ አምልጣ እግራቸው ሥር ወደቀች። ጎንበስ ብለው በግራ እጃቸው አነሷት፤ ግን አልመለሱልንም። ኳሷን በመዳፋቸው እያገላበጡ ትንሽ ካዩ በኋላ “እስቲ ያንን ነገር አቀብሉኝ” አሉ። ያንን ነገር ያሉት ራኬቱን ነበር።

ክቡር ሆይ፣ ዓመት ሳይሞላ በግራ እጃቸው የማይረቱት ሰው ከሰፈሩ ጠፋ። ኳሷን ከመረቡ አሳልፈው ጠብ ሲያደርጓት እንደ ጠል ናት፤ ድምፅም የላትም። ፊታቸው ፈካ፤ ሥጋም አበጁ። በግራ እጅ መስፋት ጀመሩ፤ መጀመሪያ የትራስ ልብስ፣ ኋላም መጋረጃ። እኔንም በፈቃዴ የመጀመሪያ ሳምንት በየቀኑ አሸነፉኝና፣ ፈቃዴን አቋርጬ ሥራ ብገባ እንደሚሻለኝ በትሕትና መከሩኝ።

ይህ ሁሉ ያለ ጽሕፈት ቤትዎ ድጋፍ መሆኑን ሳስበው እስካሁን አፍራለሁ። እንዴት እንደተዳፈርን እንጃ። ደግነቱ በሁለተኛው ሳምንት ደረሱልን። ስለዚህም የሚከተሉትን ምስጋናዎች በቅደም ተከተል አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ጠረጴዛችንን ስላስቀቡልን እናመሰግናለን። ሠራተኞችዎ ሰኞ ጠዋት መጡ፤ ማንንም ሳይጠይቁ ለኩ፤ ከዚያ በአረንጓዴ የዘይት ቀለም ደጋግመው ቀቧት። በመሃሏም የጽሕፈት ቤቱን አርማ በቢጫ አወፍረው ሳሉባት። ከዚያ ቀን ወዲህ ኳስ አርማው ላይ ካረፈች ወዴት እንደምትሄድ ፈጣሪ ብቻ ነው የሚያውቀው። የሽንኩርት ከረጢታችንንም የከተማውን ገጽታ ያበላሻል ብለው ጣሉት፤ በምትኩ ያመጡት መረብ የመረብ ኳስ መረብ ስለሆነ ግማሹ መሬት ላይ ይጎተት ነበር። የሚቀባውን ሰው ቀረብ ብዬ ጠረጴዛዋ ምን አጥፍታ እንደሆነ ብጠይቀው ፕሮጀክት ናት አለኝ። እኔ እስከዚያ ጠረጴዛ ናት ብዬ ነበር።

ሁለተኛ፣ ስለ አጥሩ። ሜዳችን አጥር ስላልነበራት ማንም ሰው ዝም ብሎ ገብቶ ይደሰት ነበር። ይህን የመሰለ ሥርዓተ አልበኝነት በሽቦና በብረት በር ስላስቆሙልን ምስጋናችን ወሰን የለውም። በበሩ ላይ ያሰቀሉት ቆርቆሮ ይህን የመዝናኛ ማዕከል ጽሕፈት ቤትዎ በእርስዎ የቅርብ ክትትል እንደገነባው ይናገራል። ግንበኛው ጎረቤታችን ማንበብ ስለሚችል አነበበው። ሲሚንቶውን ካፈሰሰ በኋላ እጁን የታጠበባትን ቦታ አይቶ ወደ ቤቱ ገባ።

ሦስተኛ፣ ስለ ምረቃው። እዚህ ላይ ትዕግሥትዎን እለምናለሁ፤ ይህ ምስጋና ረዘም ይላል።

ዓርብ ዕለት ረዳትዎ ወደ እትዬ ሰዓዳ ቤት መጣ። እሳቸውን ሳይሆን ኢክራን በር ላይ አነጋገራት። በማግሥቱ ክቡር ኃላፊው የመክፈቻውን ግጥሚያ ከእናትሽ ጋር እንዲያደርጉ ተወስኗል፤ አካል ጉዳተኛ ስለሆኑ ለካሜራ ጥሩ ነው አላት። ቀጥሎም ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ጨዋታው እንግዶች ባሉበት ስለሆነ እናትሽ ትንሽ ላላ ቢሉ፣ ኃላፊው ቢያሸንፉ፣ ለሰፈሩም ደግ ነው አላት። ኢክራ የተባለችውን ሁሉ ሳትጨምር ሳትቀንስ ነገረቻቸው። እትዬ ሰዓዳ መጋረጃ እየሰፉ ነበርና ቀና ሳይሉ “ኳሷን ያነጋግሯት እንጂ እኔን ለምን ይለምኑኛል?” አሉ።

ቅዳሜ ድንኳን ተተከለ፤ ወንበር ለእንግዶች ተደረደረ፤ እኛ ባለቤቶቹ ከሽቦው ውጭ ቆምን። ንግግርዎ በጣም የተዋጣ ነበር። ፀሐይዋ ከራሳችን በላይ እስክትደርስ ድረስ ስለ እንቅስቃሴ ጥቅም ሳንንቀሳቀስ አዳመጥን። ከዚያ ኮትዎን አውልቀው አዲሱን ቱታዎን ለበሱ፤ የሱቁ ወረቀት ከአንገትዎ በስተኋላ ተንጠልጥሎ ነበር፤ ከባልደረቦችዎ መካከል ግን ሊነግርዎ የደፈረ አልተገኘም። ፒንግፖንግ የልጅነት ጨዋታዬ ነው ብለው በማይክሮፎን አስታወቁ። እትዬ ሰዓዳ የተለጠፈችውን የጣውላ ራኬታቸውን ይዘው፣ ቀኝ እጃቸው በሻርፓቸው ሥር፣ ከማዶ ቆሙ።

የሆነውን እርስዎም እኛም እናውቀዋለን፤ ግን ዜናዎ በሌላ መንገድ ስለ ዘገበው ለታሪክ ያህል ልጻፈው። የመጀመሪያዋን ኳስ አላዩዋትም። ሁለተኛዋን አይተዋታል፤ ግን ካለፈችዎ በኋላ። ከዚያ ፀሐይ ዓይኔን ወጋኝ ብለው ቦታ እንቀያየር አሉ፤ ተቀያየሩ። ቀጥሎ ራኬቱ ቀለለኝ አሉ፤ ሌላ ቀረበልዎ። ከዚያ ኳሷ ደረጃዋን የጠበቀች አይደለችም አሉ፤ ረዳትዎ ከመኪናው አዲስ ኳስ ይዞ ሮጠ። አዲሷም ኳስ እንደ አሮጌዋ ታዛዥ አልነበረችም። አንዲት ኳስ መተው ሲገባዎ በኃይል መትተዋት የክፍለ ከተማው እንግዳ የለስላሳ ብርጭቆ ውስጥ ገባች። ያን ጊዜ ከሽቦው ውጭ ሳቅ ተሰማ። ቀድሞ የሳቀው እኔ ነኝ፤ ሌላ ሰው እንዳይጠየቅብኝ።

እትዬ ሰዓዳ አልሳቁም። አንድም ጊዜ አላሾፉም፤ አንድም ነጥብ ግን አልለገሱም። በመጨረሻዋ ኳስ ጊዜ ከመረቡ ማዶ ጠብ አደረጓት። እርስዎም እደርስባታለሁ ብለው ተወርውረው በግራ ጉልበትዎ ወረዱ። ከባልደረቦችዎ አንድም ሰው አልተነሳም፤ ኃላፊ ሲወድቅ ማየት ይፈቀድ አይፈቀድ ግራ ገብቷቸው ይመስለኛል። ጠረጴዛዋን ዞረው መጥተው ግራ እጃቸውን የዘረጉልዎ እትዬ ሰዓዳ ነበሩ። እጃቸውን ይዘው ተነሱ። “አይዞህ ልጄ፣ ቀለሙ አዲስ ስለሆነ ያንሸራትታል” አሉዎት። እርስዎ የወደቁት አፈሩ ላይ ነበር፤ ቀለም አልነካዎትም። ይህን ሰፈርተኛው በሙሉ አይቷል። የዋሹልዎት ከሰው ፊት እንዳያፍሩ ብለው ነው። ለአሸናፊው የተዘጋጀውን ዋንጫ ግን አንስተው የያዙት እርስዎ ነዎት።

አራተኛ፣ ስለ ዜናው። “ኃላፊው የመክፈቻውን ግጥሚያ በድል አጠናቀቁ” ይላል የጽሕፈት ቤትዎ ገጽ። ከሥሩ እጅ ለእጅ የተያያዛችሁበት ፎቶግራፍ አለ፤ ልብ ብሎ ላየው ጉልበትዎ ላይ አፈር ይታያል። ጽሑፉ አቶ ፍስሃ አንዲት አቅመ ደካማ ነዋሪን ደግፈው ሲያበረታቱ ይላል። ኢክራ ለእናቷ ስታነብላቸው ሁለት ጊዜ አስደገሟት። ከዚያ ፎቶግራፉ ግን ጥሩ ወጥቷል አሉ።

አምስተኛው ምስጋና ስለ ቁልፉ ነው።

ሰኞ ከሰዓት ራኬታችንን ይዘን ስንወጣ የብረቱ በር ተቆልፎ አገኘነው። ካላዩ የሚባል ጥበቃ ተመድቦልናል። ካላዩ ክፉ ሰው አይደለም፤ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ መመሪያውን አስረዳን። ማዕከሉ ንብረት ስለሆነ እንዳይጎዳ ይጠበቃል፤ መጫወት የሚፈልግ በቡድን ተደራጅቶ፣ ከነፍስ አባቱ በስተቀር የሁሉንም የድጋፍ ደብዳቤ ይዞ፣ አስቀድሞ ያመለክታል። ነፍስ አባት ያልኩት እኔ ነኝ፤ የቀረው የእርስዎ ነው። ሊቀ መንበር መርጠን አመለከትን። መዝናኛ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ሥልጠና እስክንወስድ እንድንጠብቅ ተነገረን። ሥልጠናው መቼ ነው ብንል አሠልጣኙ ዕረፍት ላይ ናቸው ተባልን። የት ሄደው እንዳረፉ ብጠይቅ ላንጋኖ አሉኝ።

እትዬ ሰዓዳ ግን መመሪያ የሚባል ነገር አልገባቸውም። በየቀኑ፣ አስር ሰዓት አካባቢ፣ ራኬታቸውን በሻርፕ ጠቅልለው ይመጡና ሽቦው አጠገብ ይቆሙ ነበር። አይጠይቁም፤ አይለምኑም። አረንጓዴዋን ጠረጴዛ ያያሉ። ካላዩ መቀመጫውን አንስቶ በሽቦው ቀዳዳ ለማሳለፍ ሞከረ፤ አላልፍ አለው። እንዲህ ለሁለት ሳምንት ያህል ቆሙ። ከዚያ መምጣት ተዉ።

አሁን ላሾፍ ብልም አልችልም፤ ስለዚህ ለጥቂት መስመር ይታገሡኝ። ኢክራ ወደ ቤቴ መጥታ እናቷ ስፌቱን እንደ ተዉት ነገረችኝ። ግራ እጃቸው እንኳ መዛል ጀምሯል፤ ማንኪያ ስትሰጣቸው አስቀምጭው ይሏታል። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረዋል። እያለቀሰች አልነበረም የነገረችኝ፤ እንደ ደከመ ሰው ነበር። “ጋሼ፣ አንድ ዓመት የፈጀብኝን በሁለት ሳምንት ቆለፉብኝ” አለችኝ።

በማግሥቱ ጠዋት ፊቴን ተላጭቼ፣ የክት ኮቴን ለብሼ፣ በፈቃዴ ጊዜ ልጎበኘው ወዳላሰብኩት ቢሮዎ መጣሁ። ስድስተኛው ምስጋናዬ ስላስገቡኝ ነው። ዋንጫዋ ከጠረጴዛዎ በስተጀርባ መደርደሪያ ላይ በመስታወት ውስጥ ተቀምጣ ነበር፤ እሷም ተቆልፎባታል። ነገሩን ከሥሩ አስረዳሁዎት፤ የእትዬ ሰዓዳ ሕመም፣ ጠረጴዛዋ ምን እንዳደረገችላቸው፣ አሁን ምን ላይ እንዳሉ። ቁልፉን ለሰፈርተኛው እንዲሰጡ፣ ያም ካልሆነ በቀን ለአንድ ሰዓት ብቻ ለእሳቸው እንዲከፈትላቸው ለመንኩዎት። ለእኔ ብለው ስልክዎን ገልብጠው አስቀመጡ፤ ይህን አልረሳም። ከዚያም በጣም ረጋ ባለ ድምፅ “አቶ ወልደጊዮርጊስ፣ እኛ ለደኅንነታቸው ብለን ነው” አሉኝ። “እኚህ አሮጊት ነገ ወድቀው ቢሰበሩ ተጠያቂው ማን ነው?”

እንደ ታዘዘ ሰው አመስግኜ ወጣሁ። ከቢሮዎ በቀጥታ የሄድኩት እትዬ ሰዓዳ ቤት ነው። አልጋቸው ጠርዝ ላይ ተቀምጠው ግድግዳውን ያያሉ። ምን እንደምላቸው አላወቅኩም ነበርና የነገሩኝን እንዳለ ነገርኳቸው፤ ወድቀው እንዳይሰበሩ ነው የተቆለፈው ይላሉ አልኩ።

ከዚያ ፊታቸው ከግድግዳው ዞረ።

“አፈር ላይ ወድቆ ያነሳሁት ሰው ነው፣ ትወድቃለች ብሎ የሚሰጋልኝ?”

ሻርፓቸውን ፈለጉ። ኢክራ አቀበለቻቸው። ስለዚህ ሰባተኛውን ምስጋና ሳልቆጥብ እሰጥዎታለሁ፤ እኛ በልመና፣ ኢክራ በማባበል ያላስነሳናቸውን ሴት እርስዎ በአንድ ዓረፍተ ነገር አስነሱልን።

ግን የት ይጫወቱ? ቤቴ ደረስኩና የቤቴን በር አየሁት። የጥንት በር ነው፤ ወፍራም ጣውላ፣ ሰፊ። ባለቤቴን ጠየቅኳት። በሩን አየች፤ እኔን አየች፤ ከዚያ የድሮ አልጋ ልብስ አውጥታ መጋረጃ እንዲሆን በምስማር መታች። ከጎረቤቶቼ ጋር በሩን ከማጠፊያው ነቅለን፣ በመተላለፊያው ላይ በርሜሎች አቁመን አጋደምነው። መረብም ከሽንኩርት ከረጢት ሠራን። ክቡር ሆይ፣ በሩ ትንሽ ተጣሟል፤ የመቆለፊያው ቀዳዳም አለ። ኳስ እዚያ ቀዳዳ ላይ ካረፈች ነጥቡ እንደገና ይጀመራል ብለን ተስማማን። ይህን ሕግ ለማውጣት ሥልጠና አልወሰድንም፤ ይቅርታ።

የመጀመሪያውን ጨዋታ እኔና እትዬ ሰዓዳ ተጫወትን። አሸነፍኳቸው። በዚያች ጠረጴዛ ላይ አንድም ቀን ረትቻቸው የማላውቀው ሰው፣ በገዛ ቤቴ በር ላይ አሸነፍኳቸው። እጃቸው ዘግይቷል፤ ኳሷ ከደረሰች በኋላ ነው የሚነሳው። ያቺ ጠብ የምትለው ኳሳቸው ከመረቡ አላለፈችም። አውቄ ልሸነፍ ሞክሬ ነበር፤ አወቁብኝ፤ ዓይናቸውን ሲያፈጡብኝ ተውኩት። በጨዋታ አሸንፌ እንደዚያ ከፍቶኝ አያውቅም። ራኬታቸውን በሩ ላይ አስቀምጠው ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ። ከዚያ “ድገም” አሉኝ። ደገምን፤ አሁንም ተሸነፉ። በማግሥቱ መጡ፤ ተሸነፉ። አሁን ሁለተኛ ሳምንታችን ነው። ትናንት በትንሽ ነጥብ ነው የረታኋቸው፤ አንዲት ኳስም እንደ ድሮዋ ጠብ አድርገውብኝ ነበር። ኢክራ አጨበጨበች፤ እሳቸው ግን አላዩም፤ የሚቀጥለውን ለመምታት ተዘጋጅተው ነበር።

ፈቃዴ አልቋል፤ ሰኞ ወደ ጥረዛዬ እመለሳለሁ። የቤቴ በር ግን አይመለስም። ሌባ ቢገባስ ያለን ሰው ነበር፤ ባለቤቴ ሌባ ቢመጣም ተራ ይዞ ይጫወታል ብላ መለሰችለት። የጽሕፈት ቤትዎን ቁልፍም ከእንግዲህ አንጠይቅም። በሰላም ያኑሩት። አረንጓዴዋ ጠረጴዛ ምንም ጉዳት እንዳይደርስባት፣ ማንም እንዳይነካት፣ ማንንም እንዳታስደስት ካላዩ በትጋት እየጠበቃት ነው። ከሥራ ሰዓቱ በኋላ ደግሞ እኛ ጋ መጥቶ ይጫወታል፤ ከእርስዎ ይሻላል።

የደኅንነታችን ጠባቂ፣ የሌሎች ሥራ መራቂ፣ የማይገባዎትን ዋንጫ ተሸካሚ ለሆኑት ክቡርነትዎ ፈጣሪ ረጅም ዕድሜ፣ ጠንካራ ጉልበትና ለሁሉም የሚበቃ ቁልፍ እንዲሰጥዎ እየጸለይኩ፣ ከታላቅ አክብሮት ጋር እሰናበታለሁ።

በሰፈሩ እንግዳ ሆኖ የከረመው
ወልደጊዮርጊስ
መጋቢት ፳፻፲፭ ዓ.ም.
ዶሮ ማነቂያ፣ በር የሌለው ቤት

ማስታወሻ፦ ከላይ ያላነሳኋቸው አንዲት ሴት አሉ፤ ስሜን እንዳትጠራ ስላሉኝ ነበር፤ ዛሬ ጠዋት ግን ፈቀዱልኝ። ወይዘሮ ወይንሸት ይባላሉ፤ ከሜዳው ጀርባ ባለው ረድፍ ይኖራሉ፤ እርስዎን የወለዱበት ቤት ስለሆነ አድራሻውን አልዘረዝርም። በምረቃው ቀን ወንበር ስላልደረሳቸው ከእኛ ጋር ከሽቦው ውጭ ቆመው ንግግርዎን ሰምተዋል፤ ሲወድቁም ቀድመው የጮኹት እሳቸው ናቸው። “ቁልፉን እንዲሰጠን ልጅዎን ያማልዱን” ብለናቸው ቢሮዎ ደውለው ነበር። ጸሐፊዎ በጣም ጨዋ ናት፤ ከየትኛው ተቋም ነው የሚደውሉት ብላ ጠየቀቻቸው። እናትዎም ትንሽ አሰቡና “ከቤት” አሏት። እንደዚህ የሚባል ተቋም አላገኘሁም ብላ ዘጋችው።